ንቧ ውስጥ የቀረው ዲስክ

«እንዲያ ጉልበቱን እያመመው፣ በጠዋት ሰገነት ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

አሮጊቷ ይህን ጎረቤቶቿን ጠይቃለች፣ ፖሊሱን ጠይቃለች፤ አሁን ደግሞ ገና ከበር የገባችውን መርማሪ ትጠይቃለች። ባሏ ግቢው ሲሚንቶ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። አብሮት የወደቀው የሰገነቱ የብረት መደገፊያ ከጎኑ ተጣሞ ይታያል።

መርማሪዋ አጭር፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ የሟቹን ኪሶች ፈተሸች። ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ቀጭን፣ ክብ፣ መሐሏ የተበሳ ነገር አወጣች። ዙሪያዋ ተበልቶ አልቋል።

«የኮት ቁልፍ ናት?» አለ ፖሊሱ።

«ባለ አንድ ቀዳዳ ቁልፍ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ካለህ አሳየኝ» አለችና ወደ ሰገነቱ ወጣች።

መደገፊያውን ይዘው የነበሩት አራት ብሎኖች ከሥራቸው ተበጥሰዋል። ገጻቸው ዝጓል። ዝገቱ ግን ብርቱካናማ ነው፣ ትኩስ ነው። በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ያለው ብረት ልሙጥ ሆኖ አገኘችው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። በረኪና ይሸታል።

«በንቧ ነው የተቆረጠው» አለ ፖሊሱ። «ንቧን ይዛ የምትውለው የልጅ ልጃቸው ናት። ትናንት ተጣልተዋል። ይዣት ልሂድ?»

«ሻይዋን ትጨርስ። እኔም ሥራዬን ልጨርስ።»

ንቧ የሽማግሌው ዓይን ናት። በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስትሆን፣ ጫፏ ላይ እንደ ሥራው ዓይነት የሚሽከረከር ጥርስ ይገጠምላታል። እዚያ ቤት እሷ ያልነካችው ነገር የለም፤ መቀስ ትስላለች፣ አልዘጋ ያለ መሳቢያ ትፍቃለች፣ የሰው ልብስ የሚቀድ ምስማር ትቆርጣለች፣ የሸክላ ማሰሮ ቂጥ በስታ የአበባ መትከያ ታደርጋለች። ደንቧ አንድ ነው። የተጠቀመባት ሰው ጥርሷን ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ በየቦታው ይመልሳል። ሽማግሌው በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር።

የግቢውን የፊት ለፊት ክፍል አንድ ልብስ ሰፊ ተከራይቶ ይኖራል፤ መርማሪዋ ወደ እሱ ገባች።

«ትናንት ምን ሰሙ?»

«እኔ? መኪናዬ እየጮኸች ምን እሰማለሁ!» አለና የሰማውን ሁሉ ዘረገፈው። «የቀንድሽ ብናኝ ሳንባዬን ጨረሰው፤ ወይ ሥራውን ተዪ ወይ ቤቴን ልቀቂ አሏት። የልጅ ልጃቸው ሚጣም በሩን አላትማ ወጣች። ከቀንድ የጆሮ ጌጥ ነው የምትሠራው፤ ጎበዝ ናት እኮ።»

«ምስማሩ ላይ የተሰቀለው መነጽርስ?»

«የሥራ መነጽሯ ነው። ማሰሪያው ተበጥሶ ከትናንት ወዲያ ሰጠችኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ እዚያው አደረ።»

መርማሪዋ መነጽሩን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ነጣ ያለ የቀንድ ብናኝ አለበት። እፍ ስትለው ጠራ።

ሚጣ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ሻይዋን አልነካችውም።

«አያትሽን ጠልተሻቸው ነበር?»

«ማታ ጠልቼው ነበር። ጠዋት ልታረቀው ነበር።»

«ያለ መነጽር ንቧን ታስነሺያለሽ?»

«አባባ እጄን ይቆርጠው ነበር» አለች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

አሮጊቷ መሐላቸው ገባች። «ልጄ፣ አትውሰጂብኝ። እናት የላት፣ አባት የላት። እዚያ ወለሉ ይቀዘቅዛል ይሆን? ደረቷ አይችልም እኮ። ሹራብ ላስይዛት?»

መርማሪዋ የአሮጊቷን ሰማያዊ ቀሚስ አየች። ጫፉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ወደ ሳሎን አለፈች።

የአሮጊቷ ወንድ ልጅ ሳሎን ውስጥ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር።

«እኔ ልከሳት አይደለም» አለ። «የእህቴ ልጅ ናት። ግን እዚህ ቤት ብረት መቁረጥ የሚችል ሌላ ማን አለ? እኔ ያችን ንብ ከነካኋት ዘመን የለኝም።» መነጽሩን አድርጎ ወዲያው መልሶ አወለቀው።

«እንባ ነው?»

«ቆሻሻ ነው። አልለቅ አለኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የንቧን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች፤ ከኪስ የተገኘችውንም ክብ ነገር አጠገቡ አስቀመጠች።

«እማማ፣ መጀመሪያ የእርስዎን ጥያቄ ልመልስ። ይቺ የብረት መቁረጫ ዲስክ ናት። አዲሶቹ ሳጥኑ ውስጥ አሉ፤ ስፋታቸውን እዩት። ይቺ ግን ወፍራም ብረት በልቷታል። ታዲያ ከሟቹ ኪስ ምን ትሠራለች? ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍቱ ንቧ ዲስኳን እንደያዘች ተኝታ አገኟት። ነቀሉና ኪሳቸው ከተቷት። ቀጥሎ ምን ያደርጋሉ?»

«ማን ምን ቆረጠ ብለው ቤቱን ይበረብራሉ!» አለ ልብስ ሰፊው። «አውቃቸው የለ!»

«በረበሩ። ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሰገነት ድረስ ወጡ። መደገፊያው ጠንካራ መሆኑን ሊያዩ ጨበጡት።»

አሮጊቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አሁን ወደ ቆራጩ እንምጣ። ብረት ሲቆረጥ የጋለ ፍንጣሪ ፊት ላይ ይዘንባል። የሚጣ መነጽር ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ያለበትም የቀንድ ብናኝ ብቻ ነው። ያለ መከላከያ ቆርጣ ቢሆን ዓይኗ ዛሬ እንዲህ አይጠራም። ልብስ ሰፊውም ዓይናቸው ደህና ነው፤ መነጽርም አያደርጉም።» ወደ ልጅየው ዞረች። «እስቲ መነጽርዎን ያውሱኝ።»

እጁ ዘገየ። ሰጣት። እሷም ወደ ብርሃኑ ይዛ በጥፍሯ ጫረችው። ሻካራ ድምፅ አወጣ።

«ይሄ ቆሻሻ አይደለም። የጋለ የብረት ፍንጣሪ መነጽር ላይ ሲያርፍ ቀልጦ ይጣበቃል። ዕድሜ ልክዎን ቢጠርጉት አይለቅም።»

የልጅየው ድምፅ ፈነዳ።

«መደገፊያው ሊወድቅ ነው፣ እማዬን ይዟት ሊወድቅ ነው እያልኩ ስንት ለመንኩት! በእጄ የተከልኩትን በቁሜ ማንም አይነቅለውም አለኝ። በያጁ ዛሬ ጠዋት አዲሱን መደገፊያ ሊያመጣ ነበር፤ ከመጣ በኋላ አባባ ምን ያደርጋል ብዬ ማታ ቆረጥኩት። እንዳይነቃብኝ መልሼ አቆምኩት። ንቧን ልመልስ ስል የአባባን ሳል ሰማሁ፤ እንደያዘች ሳጥኑ ውስጥ ጥያት ሮጥኩ። አባቴን ልገድለው? እኔ?»

«አላሰቡም። ግን ፖሊሱ ስለ ሚጣ ሲጠይቅዎ?»

አቀረቀረ። «እሷ ላይ ማላከኩ ቀለለኝ» አለ።

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሳው። «በረኪናውንስ ለምን አፈሰስክበት? ዝገት ይመስላል ብለህ ነው?»

«የምን በረኪና?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ የፈራችው ትመስላለች። ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሰማያዊው ቀሚስ ጫፍ ሄደ፤ የሚጣም ዓይን ተከተለው።

«እማማ?» አለች ሚጣ።

«ሬሳውን እንዳየሁ ወደ ላይ ሮጥኩ» አለች አሮጊቷ። «የተቆረጠው ያበራል። ንቧ ናት አልኩ። ፖሊስ ሳይደርስ የልብስ ማጠቢያውን በረኪና... ይወስዱብኛል ብዬ ነው፣ ሚጣዬ።»

«እኔን?» አለች ልጅቷ። «አባባን የገደልኩት እኔ መስዬሽ ነው?»

አሮጊቷ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። «እዚያ ወለሉ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው የፈራሁት» አለች።

ፖሊሱ ልጅየውን ይዞ ወጣ። ሲሄዱ አሮጊቷ ልጇን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም፤ ዓይኗ የልጅ ልጇ ላይ ተተክሎ ነበር። ሚጣ ወደ ልብስ ሰፊው ክፍል ገብታ ማሰሪያው እንደተበጠሰ መነጽሯን ከምስማሩ አወረደች። ንቧን ጠረጴዛው ላይ ተወቻት። አሮጊቷ ሹራቡን በሁለት እጇ ዘርግታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ልበሺው፣ ውጭው ነፋስ ነው። የት ልትሄጂ ነው? ማታ ትመጫለሽ?»

ልጅቷ ሹራቡ እንዳይነካት ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ በጎኗ አልፋ፣ አንሶላው ጋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ከግቢው ወጣች።