ሦስት ቀን የደበቅኩት ውጤት

ፍቅሬን ያገኘሁት በሰገራ ዕቃ ነው። ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። የምሠራው በአንድ የሕጻናት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ከሰው አንጀት የሚወጡትን ባክቴሪያዎች አሳድጌ ማንነታቸውን መለየት ነው። የወጥ ቤት ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ይመረመራሉ። አንድ ጠዋት አንድ ረጅም ሰው መስኮቴ ላይ ቆሞ በዳቦ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አሾልኮ ሰጠኝ።

«ቁርስ አመጣህልኝ?» አልኩት ሳላስብ።

ፊቱ ደም መሰለ።

«አይ እህቴ... ይቅርብሽ። አምጣ የተባልኩትን ነው።»

ከባልደረቦቼ ጋር ሆዴን ይዤ ሳቅኩበት። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ራሱ ሾርባ ይዞ መጣ። «የጠዋቱን ልክስሽ ብዬ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው። አዲሱ ምግብ አብሳይ እሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ውጤቱም ንጹህ ነበር።

ስድስቱ ወር እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። «ዶክተሬ» ይለኛል። «ዶክተር አይደለሁም» ስለው «ለእኔ ነሽ» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ምን ይባላል? በየአልጋው እየዞረ የታመሙትን ልጆች ምን እንዳማራቸው ይጠይቃል። አንዷ ሳህኗን ሳትጨርስ ከመለሰች ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል። እናቴ ጋ ልወስደው ለእሁድ ተቀጣጠርን።

በዚያው ሳምንት ምርመራው ደረሰ። የእሱን ናሙና ባሳደግኩበት ሳህን ላይ መሀላቸው የጠቆረ ትንንሽ ነጠብጣቦች በቅለው አገኘሁ።

መጥቆር ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። አንዱ የሚያጠቁር ባክቴሪያ ፕሮቲየስ ነው፤ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ሌላው ታይፎይድ የሚያመጣው ሳልሞኔላ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዩሪያ ያለበት ቱቦ ነው። ፕሮቲየስ ከሆነ ቱቦው በሰዓታት ውስጥ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ሳልሞኔላ ከሆነ እንደነበረ ይቀራል።

ቱቦውን ማሞቂያ ውስጥ ከትቼ በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈትኩ አየሁት። «ሮዝ ሁን... በእናትህ ሮዝ ሁን።» ሰው ባክቴሪያ ይለምናል? እኔ ለመንኩ። አርብ ጠዋትም ቱቦው አልተለወጠም፤ ሌሎቹ ምርመራዎች ሁሉ ያንኑ መሰከሩ። የእኔ ሰው ምንም ሳያመው ታይፎይድ ተሸክሟል።

በእኛ ላቦራቶሪ የሚያጠራጥር ውጤት ይደገማል። ይሄ አያጠራጥርም ነበር። እኔ ግን መዝገቡ ላይ «ይደገም» ብዬ ጻፍኩ። እሁድ እስኪያልፍልኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አርብ አበሰለ። ቅዳሜም አበሰለ። እሁድ እናቴ ቤት ተቀምጦ ሲያስቃት ዋለ። ስንወጣ እናቴ ግንባሩን ሳመችውና «ልጄን አደራ» አለችው። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ።

ሰኞ ድጋሚውም ያው ሆነ። ፈርሜ ሰጠሁ። ከሥራ አገዱት፣ መድኃኒት ጀመረ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«ደግ አደረግሽ ዶክተሬ» አለኝ። «ልጆቹን ያህል ነገር የለም።»

ምነው በሰደበኝ አልኩ።

በታገደ በአሥረኛው ቀን ሆስፒታላችን ተኝታ የምትታከም አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በትኩሳት ነደደች። ደሟን የመረመርኩት እኔው ነኝ። ያው ባክቴሪያ ወጣ። ኃላፊያችን መዝገቡን አገላብጠው የአርቡን ጽሑፌን አገኙት።

«ይሄ ምኑ ነው ያጠራጠረሽ ልጄ?» አሉኝ።

እሱ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብዬ ቤቱ ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«አርብ ጠዋት ነው ያወቅሽው?»

«አዎ።»

«አርብና ቅዳሜ... ስንቴ አበላኋት?»

«ከዚያ በፊት ይዟት ሊሆን ይችላል» አልኩ። «በየትኛው ቀን እንደያዛት የሚናገር ምርመራ የለም።»

«ከዚያ በፊት እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም ነበር።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እናትሽ ቤት ስስቅ እያወቅሽ ነበር የምታዪኝ?»

«እንዳላጣህ ፈርቼ ነው።»

«ይገባኛል። እወድሻለሁ እኮ። ግን ያቺ ልጅ ተኝታ እንዴት ብዬ ዓይንሽን ልይ?»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ እሰማ ነበር።

ልጅቷ ዳነች፤ ተመስገን። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አሁንስ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ስደውልለት በደግ ቃል ያናግረኛል፤ «ልምጣ?» ስለው ግን ወሬ ይለውጣል። በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ እንዳገኘ ሰማሁ። የቀረው ንጹህ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ናሙና ተከታትሎ ንጹህ መሆን አለበት።

ሦስቴ መስኮቴ ላይ መጣ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

ሦስቴም ናሙናውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሁለቱ ናሙናዎች ንጹህ ሆኑ። የሦስተኛውን ሳህን ሳወጣም አንድ የጠቆረ ነገር አልነበረበትም። ደስ አለኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «ይደገም» ብል አንድ ጊዜ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ አየው ነበር። ማንም ለምን አይለኝም።

«ንጹህ» ብዬ ጻፍኩና ስልኩን አነሳሁ።

«ውጤትህ ደርሷል።»

«መቼ ነው የደረሰው?»

«አሁን» አልኩት። «አሁን ገና ነው የፈረምኩት።»



«አመሰግናለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ መጥቶ ወረቀቱን ወሰደ። በማግስቱ ከተማውን ለቆ ሄደ።