የወፍጮ ቤቱ ሶኬት

«ወፍጮው ይሠራል?»

ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራፌ ላይ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሸሚዙ ግን በደንብ ተተኩሷል። ወደ ኋላው አየሁ። ጆንያ የለም፣ አህያ የለም፣ ተሸካሚ የለም።

«እህሉስ?» አልኩት።

«እህል እንኳ አላመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ልፍጭልዎት፣ ባርኔጣ?»

«መኪናዬን ነበር» አለኝ።

አንገቴን አውጥቼ ሳይ ነጭ መኪና ደጄ ላይ ቆማለች። ስትመጣ ኮሽታ አልሰማሁም።

እናንተ ልጆች የፍቅር ታሪክ ስትጽፉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ ልቤ ቀጥ አለች ትላላችሁ። የኔ ልብ ቀጥ አላለችም። ሰውዬውን ሳየው ጤንነቱን ነው የተጠራጠርኩት።

ሸዋሉል እባላለሁ። አሶሳ ውስጥ በኔ ወፍጮ የተፈጨ ያልበላ ሽማግሌ የለም። ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ ሟቹ ባለቤቴና እኔ ይህን ወፍጮ ተከልን። እሱ ሲሞት ብቻዬን ያዝኩት። ትምህርት ቤት ረግጬ አላውቅም፤ ሚዛን ግን ማንም አታሎኝ አያውቅም። ምላስሽ ይከፋል ይሉኛል። ዕድሜ ልክ ወፍጮ እያጓራ ከሰው ጋር ያወራ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ከየት ያምጣ?

ከዚያ ገበያው አጠገብ አዳዲስ ወፍጮዎች ተተከሉ። የኔ ሞተር ተቃጠለ። ሰውም እግሩን አነሣ። ልጄ ሞጆ ነው የሚኖረው፤ በበዓል ይደውላል፣ «ደህና ነሽ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ አለቀ። ወፍጮ ሲቆም የሚመጣውን ዝምታ አታውቁትም። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ እንዲመስለኝ ማታ ማታ ሬድዮ ከፍቼ ነበር የምተኛው።

እንግዲህ ያ ሰው በሬን ያንኳኳው በዚህ ጊዜ ነው።

«ገረሱ እባላለሁ» አለ። «ኮሌጅ ውስጥ የመሬት ቅየሳ አስተምራለሁ። ይቺ መኪና በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ትሄዳለች። ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ይሏታል። ልጄ ቢታንያ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፣ ቤንዚን ሲጠፋ እንዳልቸገር ብላ። የአከራዬ ሽቦ ግን ቀጭን ነው፤ ስሰካት ይግላል። በዚህ አካባቢ ወፍራም መስመር ያለው የእርስዎ ወፍጮ ቤት ነው አሉኝ።»

«ሁለት ጉሮሮ አላት በሉኛ።»

«በትክክል።»

«እና አንደኛውን ጉሮሮ እኔ ላብላ።»

«የመብራቱን ካርድ እኔ እሞላለሁ።»

መብራት ሠሪ አምጥቶ ማንጎው ሥር ሶኬት አስተከለ። ሰክቶ ሲያበቃ ባርኔጣውን አድርጎ ሊወጣ ሆነ።

«ወዴት?» አልኩት።

«ሦስት አራት ሰዓት ትፈጃለች። ቤቴ ደርሼ ልመለስ።»

«አይሆንም። ይህ ቤት ሕግ አለው። እህል ያመጣ ሰው ተፈጭቶ እስኪያልቅ ከእህሉ አጠገብ አይነሣም። ጥሎ ከሄደ ዱቄቱ ቢለወጥ፣ ቢጎድል፣ እኔን አይጠይቀኝም።»

«መኪና ዱቄት አይደለችም እኮ፣ እትዬ።»

«ሕጉ ግን ሕግ ነው።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወረፋ ጠባቂዎች ይቀመጡባት የነበረችውን አግዳሚ ወንበር በመሐረቡ ጠርጎ ተቀመጠ። ያቺ ወንበር ሰው ካየች ቆይታለች። እኔም ቆይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ሲወጣ ይመጣል፣ ይሰካል፣ ይቀመጣል። መጀመሪያ እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ ግቢውን እዞር ነበር። የተጠረገውን እጠርጋለሁ። ኋላ እኔም መቀመጥ ጀመርኩ። እሱ በወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ በወዲህኛው። መሀላችን ሁለት ኩንታል ይገባ ነበር።

አንድ ቀን የበሰለ ማንጎ ከላይ መጥቶ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ዱብ አለ። ገረሱ ዘሎ ተነሣ።

«ጣሪያውን አጎደጎደው!»

«ማንጎዬንም አፍርጠውብኛል» አልኩት።

ጣሪያውን አየ፣ ማንጎውን አየ። ከዚያ ሳቀ። ያን ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ስስቅ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

«እትዬ ሸዋሉል» አለኝ በሌላ ቀን፣ «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ራት ሳቀርብ ሁለት ሳህን ነው የማወጣው። አንዱን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ እንደገና አወጣዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይነገርም። እሱ ግን ነገረኝ። እኔ ደግሞ የሬድዮውን ነገርኩት። ለልጄ እንኳ አልነገርኩም ነበር።

«ማን ነው የሚያወራልዎት?» አለ።

«እኔ እንጃ። ብቻ ሰው ነው።»

ቻርጀሯ ላይ ያለችው መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ትላለች፤ ሲሞላ አረንጓዴ ትሆናለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ አረንጓዴ ስትበራ አልወድም ነበር። መብራት ሲጠፋ አገር ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቻርጁ ይዘገያል፣ እሱም ይቆያል።

የፈራሁት ቀን መጣ። ገረሱ እንደተቀመጠ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አንድ ነገር ላማክርዎት።»

«ይናገሩ።»

«ቢታንያ መኪናዋን ለውጣት ትለኛለች። ሌላ አግኝታለች፤ እሷም እንደዚችው ሁለት ጉሮሮ ያላት ናት፤ ባትሪዋ ግን ትልቅ ነው። የዚች ባትሪ ደክሟል፤ ኮሌጅ ደርሼ ስመለስ ያልቃል። አዲሷ ሳምንት ሙሉ ቻርጅ አትጠይቅም። የኮሌጁ ወርክሾፕም መስመር ገብቶለታል፤ በሳምንት አንዴ እዚያ እሰካታለሁ። እርስዎንም ማስቸገሬ ይቀራል።»

ማስቸገሬ ይቀራል... ይህን ሲል ፊቱን አላየሁም። እኔ የሰማሁት፣ መሄጃ ምክንያት ያገኘ ሰው ሲናገር ነው።

«ታዲያ ምን ይሉኛል? ልለውጣት?»

አትለውጣት ማለት አንዲት ቃል ናት። ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ከዚያ ኩራቴ ተነሣ። ይህቺ አሮጊት በመኪና ገመድ ሰው አስራ ልታስቀር ነው ይበለኝ?

«እኔን ምን ይጠይቁኛል? የመኪና ደላላ አይደለሁ። ይለውጡ። ግቢዬም ያርፋል።»

«ያርፋል?»

«ያርፋል። ጎማ ሲመላለስበት አፈሩ ተነሥቷል።»

አረንጓዴዋ ሳትበራ ነቀለ። ገመዱን ሲጠቀልል በጣም ቀስ ብሎ ነበር፤ አሁን ሳስበው አንድ ነገር እንድለው እየጠበቀ ነበር። እኔ ማንጎ ቅጠል እጠርጋለሁ።

«እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ እትዬ ሸዋሉል።»

«ደህና ይግቡ።»

አዲስ አበባ ሄደ ተባለ። ግቢዬም አረፈ። አፈሩ ተኛ፣ የጎማው ምልክት በዝናብ ጠፋ። አግዳሚዋን ወንበር ሳያት ስለምናደድ ወፍጮው ክፍል ውስጥ ከትቼ ዘጋሁባት። ማንጎው መውደቁን አልተወም። ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅና አፈር ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይለያል። አፈር ላይ ሲወድቅ ማንም አይነሣም። ማታ ሬድዮውን ከፍቼ እተኛለሁ፤ ሰውዬው ያወራል፣ ያወራል፤ አንድም ቀን «አንቺስ?» ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ተመለሰ። አዲሷ መኪና ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ታብረቀርቃለች። በደጄ ስታልፍ ባርኔጣውን አይቼ ነው ያወቅኩት። አልቆመም። በማግስቱም አለፈ። አልቆመም። አመሻሽ ላይ በሩን ገርበብ አድርጌ አያለሁ፤ ይመጣል፣ ያልፋል። እኔም በሩን ዘግቼ እገባለሁ። አለመቆሙ ሳያንስ ደጄ ላይ ንብረቱን ያሳየኛል ብዬ ተንገበገብኩ።

ጎረቤቴ ሂባ ደጄ ላይ ማንጎ የምትሸጥ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ አማርኛዋ እንደመጣላት ነው። በሩን ስዘጋ አይታ ተከትላኝ ገባች።

«እማማ፣ እሱ ሰውዬ አንቺ ላይ ምን አደረገ?»

«ምን ያደርገኛል? መኪና ለወጠ። ያሳየኛል።»

«ቤቱ የት ነው?»

«ኤርፖርቱ መንገድ።»

«ኮሌጁስ?»

«እሱም በዚያው በኩል ነው።»

«ታዲያ እዚህ መንገድ ምን ይሠራል? እዚህ መንገድ መጨረሻው እርሻ ነው። ይሄዳል፣ እርሻው ጋ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሁልጊዜ። አንቺ በር ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። አንቺ ደግሞ በር ይዘጋል። ወላሂ እማማ፣ አንቺ ምላስ አለ፣ ዓይን የለም።»

ሰደብኳት። ለመሳደብ ያህል ነው እንጂ ያለችው ልክ ነበር። ለካ እኔ ያየሁት ሲሄድ ብቻ ነው፤ በሩን ስለምዘጋ ሲመለስ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ አመሻሽ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁና መንገዱ መሀል ቆምኩ። ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ በጎኔ አለፉ።

«ማዘር፣ ሰላም ነው?» አለኝ አንዱ።

«ካንተ ይሻለኛል፣ እለፍ።»

መኪናዋ መጣች። እንደዚያችኛዋ ኮሽታ የላትም። ፊቴ ደርሳ ቀጥ አለች። መስኮቱን አወረደ።

«ምነው፣ እትዬ ሸዋሉል? ችግር አለ?»

«አለ።»

«ምን ሆኑ?»

«ወፍጮ ቤቱ ሥራ ፈቷል።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «ግቢዬ ያርፋል ብለውኝ ነበር።»

«አረፈ። ሲያርፍ አየሁት። አልወደድኩትም።»

መሪውን እንደያዘ አቀረቀረ። «እኔ ያን ቀን ምክር ፈልጌ አልነበረም የጠየቅኩዎት» አለ። «አትለውጥ የሚለኝ ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ ብለው አይናገሩም?»

«እርስዎስ?»

ሚዛን ላይ ከገበሬ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ መንገድ መሀል የነጠላዬን ጫፍ እጠመዝዛለሁ። ከኋላው ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ።

«ግባ» አልኩት። አንቱታው በዚያው ቀረ። «ግባ አንተ፣ መንገድ ዘጋን።»

መኪናዋን ማንጎው ሥር አቆማት። እኔ ወንበሯን ከወፍጮው ክፍል ጎትቼ አወጣሁ። እሱ ገመዱን አወጣና ከሶኬቱ ሰካ። ቻርጀሯ ወዲያው አረንጓዴ አበራች።

«ሞልታለች» አለ አፍሮ። «ዛሬ ወርክሾፑ ውስጥ ሰክቻት ነበር። ልንቀለው?»

«ሕጉን ረሳኸው? ያመጣ ሰው እስኪያልቅ ይቀመጣል።»

«አልቋል እኮ።»

«ማን አለ? እዚህ ቤት አልቋል የምለው እኔ ነኝ።»

ተቀመጠ። ያን ቀን መሀላችን አንድ ኩንታልም አይገባም ነበር። እጁን እጄ ላይ ሲያደርግ እጄ ሸካራ ነው ብዬ ልስብ ነበር፤ የሱም ሸካራ ሆኖ አገኘሁት።

«ሸዋሉል» አለኝ። እትዬ የለ፣ ምን የለ። «ሁለተኛውን ሳህን መልሼ ማስቀመጥ ሰልችቶኛል።»

«ሽማግሌ ላክ እንግዲያ።»

«ለማን? ወላጅ የለሽም።»

«ላክ ብያለሁ። እኔ መንገድ ላይ የወደቅኩ አይደለሁም።»

ላከ። ወገን ባይኖረኝ የሂባ አማት ሼህ ዐብዱልቃድር ወገን ሆነው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ልጃችሁን ለልጃችን ሲሉ፣ ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያ በዚያች እንደ ሂባ ባለች አማርኛቸው፣ «ልጃችን ገና ትንሽ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ይጨርስ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ስቄ ስቄ፣ ሳላስበው ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ለኔ የሚቀልድልኝ ሰው ከኖረ ስንት ዘመኑ ነበር!

ቢታንያ መጥታ አየችኝ። «መኪናዋን መረጥኩለት፣ የሚያቆምበትን ግን ራሱ መረጠ» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ቅጥነቷ ብቻ ነው የሚያናድደኝ።

አሁን ሬድዮ የምከፍተው ዜና ለመስማት ነው፤ ዜናው ሲያልቅ እዘጋዋለሁ። አንዳንድ ማታ ገረሱ ፈተና ሲያርም ኮሌጅ ሲያመሽ ያ የድሮው ዝምታ ከወፍጮው ክፍል ወጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። የለም አልላችሁም፤ አለ። ግን የመኪናዋ መብራት በሩ ላይ ሲያርፍ ተነሥቶ ይሄዳል።

ማንጎው ዘንድሮም በስሏል። አመሻሽ ላይ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዱ መጥቶ የአዲሷ መኪና ጣሪያ ላይ ዱብ ይላል።

ገረሱ አይነሣም።