ቀይዋን በቅንፍ

«አትንኪያት! እየሄደች ነው» አለ ቱርቦ።

ስክሪኑ ላይ ቀይዋ መኪናቸው ዙር በዙር ላይ ትጨምራለች። ነዳጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ለምን አይቀንስም?» አለች ቀጮ።

«ቆጣቢ ስለሆነች ነዋ!»

የኮምፒውተር መምህሩ ለሁሉም ቡድን «መኪና» የሚባል አንድ ክላስ፣ ማለትም ለመኪናዎች ሁሉ መነሻ የሚሆን ኮድ ሰጥተዋል፤ መንዳቱም፣ መታጠፉም፣ ነዳጅ መቀነሱም እዚያ ተጽፏል። ቡድኖቹ ከሱ ወርሰው የየራሳቸውን መኪና ይሠራሉ። ነዳጁ ብቻ አይነካም። በዚያው ነዳጅ ብዙ ዙር ሄዶ ያሸነፈ ቡድን ትምህርት ቤቱን ወክሎ ይወዳደራል። ቀጮ ይህን ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለሰፈሩ። ስለዚህ ቀጮ ገና ሳትሄድ ሄዳ፣ አሸንፋ ተመልሳለች።

የመኪናዋን ኮድ ከፍታ አነበበች። ቱርቦ «ነዳጅ ቀንስ» የሚለውን ሜተድ፣ ማለትም ትእዛዙን፣ ቀይዋ ውስጥ እንደገና ጽፎታል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ቀንሺ ሲሏት እሺ ትልና ምንም አታደርግም፤ ልክ የቀጮ ታናሽ ወንድም ክፍልህን አጽዳ ሲባል እንደሚያደርገው።

«ቱርቤ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

«ማን ያያል? ፋይሉን ጠዋት አስረክቤያለሁ፤ ከእንግዲህ አይቀየርም። ደሞ አብረን ነን፤ አንቺም አለሽበት» ብሎ ውሃ ሊጠጣ ወጣ።

ፋይሉ አይቀየርም። መኪናዋን ስክሪኑ ላይ የሚያስነዳውን ሌላውን ኮድ፣ ማስነሻውን፣ የጻፈችው ግን ቀጮ ናት፤ እሱ ገና በእጇ ነው። ማስነሻው ላይ ነዳጅ የሚያስቀንሰው መስመር በቀይዋ ስም ይጀምራል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ያንኑ ባዶውን ሜተድ ነው። መምህሩ ባለፈው ሌላ መንገድ አሳይተው ነበር፤ ያን ቀን ቱርቦ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባዶ ያልሆነውን ሜተድ በቀጥታ «መኪና» ከሚለው ከመምህሩ ክላስ መውሰድ ይቻላል። ያኔ ከየትኛዋም መኪና ጋር አይታሰርም፤ የምትፈልጊያትን መኪና በቅንፍ ትሰጪዋለሽ።

ሞከረችው። ቀይዋ ሁለተኛው ዙር ላይ ነዳጅ ጨርሳ ቆመች።

ቀጮ መስመሩን ቶሎ ብላ እንደነበረው መለሰች።

«ቀዮቹ፣ ተራችሁ ነው!» አሉ መምህሩ ከፊት። ክፍሉ በሙሉ ወደ ትልቁ ስክሪን ዞረ።

ቱርቦ ከንፈሩን እየጠረገ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «በይ ቀጮ፣ አስነሺያት። ሰፈርሽን እንዳታሳፍሪ።»

ቀጮ የቀይዋን ስም ከመስመሩ መጀመሪያ አጠፋች። በቦታው «መኪና» ብላ ጻፈች። ቀይዋን በቅንፍ ውስጥ አስገባቻት።

«ቆይ... ምንድነው እሱ?»

«ቲቸር» አለች ቀጮ። «ዝግጁ ነን።»

ቁልፉን ተጫነች።