እሳት ያልነካት አበባ

በቤተ መንግሥቱ ዛፎች ሥር ያለው የጥላው አትክልት ስፍራ ለሁለት ዓመት ሳያብብ ሲቀር የኤልዳር ሕዝብ ተስፋው ጨለመ። በዚያ መንግሥት ቀዳሚት የተባለችው ነጭ አበባ፣ ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ጥላቸው ሳይከብድ ቀድማ ትፈካለች፤ ስትፈካም ጉምባ የተባለው የውርጭ አውሬ እርሻውን ለቆ ከተራራው ማዶ ይሸሻል። አሁን ግን አልሸሸም። ዘር ከመሬት ሳይወጣ ቀረ።

ጥፋቱ ከፍቅር የመጣ ነበር። ንግሥቲቱ ሽንኩርት የሚመስሉትን የአበባዋን ሥሮች ብርድ እንዳይጎዳቸው ብላ ከምድጃ ዳር አኖረቻቸው። ቅጠል አወጡ፤ ሳያብቡ በሰበሱ።

ወጣቷ አትክልተኛ ትብለጽ በዙፋኑ ፊት ቆመች።

«በተራራው ራስ የቀሩትን ሥሮች አመጣለሁ። አፈር እስኪቀበላቸው ድረስ ሙቀት አላስነካቸውም። ይህን ባፈርስ ስሜ ከቤቴ ይጥፋ» ስትል ማለች።

ታላቅ ወንድሟ ይምርሃ ከኋላዋ ሳሉን አፍኖ «እኔም እንደ እሷ» አለ።

ከበረዶው ሥር ያገኙት ሦስት ብቻ ነበር፤ ትብለጽ በበረዶ በተሞላ ከረጢት ጉያዋ ውስጥ ያዘቻቸው። ሲመለሱ ጉምባ ሽታውን ተከትሎ ደረሰባቸው፤ የይምርሃን ጎን በጥፍሩ ዘነጠለው። ሁለት ሰው በጭንቅ ከሚይዝ ዋሻ ገቡ። አውሬው በሩ ላይ ተኛ።

ትብለጽ ምርኩዟን ሰበረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እሳት ላንድድ፣ ጋሼ። ከንፈርህ ጠቁሯል።»

«ድሮስ መቼ ቀልቶ ያውቃል?»

«አትቀልድ።»

«ሥሮቹ ከሞቁ አለቀ። ሌላ የለም። ደግሞ የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ተከትዬሽ ነው።»

«ወደ ውጭ ላውጣቸዋ።»

«ለጉምባ ቁርስ? ይልቅ ከረጢቱን ከጉያሽ አውጪና ለእኔ ስጪኝ። ከሁለታችን የቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ።»

ሰጠችው። የሰበረችውን ምርኩዝ በእጇ እንደያዘች ተቀመጠች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ጉምባ ወደ ገደሉ ጥላ ወረደ። ይምርሃ ግን አልተነሣም። ከረጢቱን ለመውሰድ ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት ነበረባት።

ሥሮቹን በጥላው አትክልት ስፍራ ገና ቅጠል ካላወጡት ዛፎች ግርጌ ተከለቻቸው። ሁለቱ በሰበሱ። አንዷ ግን የዛፎቹ የመጀመሪያ ቅጠል ሳይወጣ ነጭ ሆና ፈካች፤ ጉምባም እየጮኸ ከእርሻው ተነሥቶ ሸሸ። ሕዝቡ እልል አለ። ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወርዳ ወደ አትክልቱ መጥታ «የመንግሥቴን እኩሌታ ጠይቂኝ» አለቻት።

ትብለጽ ተንበርክካ አበባዋን ነካች። እንደ ወንድሟ እጅ ቀዝቃዛ ነበረች። አሽከሮች ከተንበረከከችበት ሊያነሷት መጥተው ነበር፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሣችም።