ነገሌን የጠበቀው ሥራ

ይህን ፈጥሬ አልጻፍኩትም። በራሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የደረሰ ነው።

ነገሌ ቦረና... ግንቦት 1964።

ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ ሒሳብ አስተምር ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ሮማነወርቅ አዲስ አበባ አንድ የኮምፒውተር ክፍል ተቀጥራለች። እኔ ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ በፖስታ እልካለሁ፤ እሷ ካርድ ላይ በቀዳዳ አስፍራ ለማሽኑ ትሰጥልኛለች።

አንድ ቀን ደብዳቤዋ መጣ።

"ሁለተኛውን ፕሮግራም ለምን ላክኸው? ማሽኑን ይዞ አልለቅም አለ። ቶሎ ደውልልኝ።"

እኔ ሁለተኛ አልላክሁም።

የጠረጠርኩት አብሮኝ የሚኖረውን መምህር ወልደሥላሴን ነው። ወረቀቶቼን ይነካካል።

"አንተ ነህ?"

"በእመቤቴ! ያንተን ቁጥር እኔ ምን አውቄ?"

ግን አቀረቀረ... አላመንኩትም።

ስልክ ቤት ሄድኩ።

"ቢረሳው..." ስትል ሮማነወርቅ በሹክሹክታ ስሜን ጠራች። "የእጅ ጽሑፉ ያንተው ነው። ሰባት ቁጥር ላይ የምታደርጋት ጭረት እንኳን አልቀረችም።"

"አልጻፍኩም አልኩሽ!"

"ስማኝ..."

ዛሬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው የማሽኑ አዛዥ ፕሮግራም ያኔም ተራ አስከባሪ ነበር። የትኛው ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚጠብቅ ይመዘግባል። ካርድ... ቴፕ... ማተሚያ። ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለም።

"ያንተ ሥራ ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለህ? 'ነገሌ' ብሎ ነው የጻፈው።"

"ምን?"

"ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ተመልሶ ከሰልፉ ፊት ይቆማል። አለቃዬ ሊያባርረኝ ነው..."

በስልኩ ውስጥ የማተሚያው ድምፅ ይሰማኛል። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

"ምን ሆነ?"

"መጠበቁን አቆመ።" አለች። "አሁን... እየሠራ ነው ይላል።"

መስመሩ ተቋረጠ።

ወጣሁ። የገበያ ቀን ነው። ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ሃያ ያህል ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥካሉ።

ብቅ ስል ሁሉም ማመንዠካቸውን አቆሙ።

አንገታቸውን አዞሩ። ወደ እኔ መሰለኝ... አይደለም። ከትከሻዬ ኋላ።

ባለግመሉ ኦቦ ዳባሶ ሁልጊዜ "አካም? ናጋ?" ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ሰላም አላሉኝም። ጠጋ አሉና፣

"ሂን ኢላሊን... ወደ ኋላ እንዳታይ ልጄ። ዝም ብለህ ሂድ።"

"ምን አለ?"

"ሂድ!"

ሄድኩ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግመሎቹን ብቻ በዓይኔ ጥግ አየሁ። አንገታቸው ከእርምጃዬ ጋር አብሮ እየዞረ ነበር...

ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም።

ሁለት እርምጃ ከእኔ ኋላ ነበር።