ካዛንቺስ ላይ የሞትኩ ለታ

የካዛንቺስ ጅብ ታክሲ ተሳፍሮ ባምቢስ ወረደ፣ መልሱንም ለረዳቱ ተወለት ብዬ ግማሹን ሰፈር ያሳመንኩ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን እውነት ነው። ለመዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደክሞኛል።

ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ከፍ ብሎ ያለው መዝናኛ ፓርክ፣ ፈረንጆች ሃሎዊን ለሚሉት በዓል «የድንጋጤ ቤት» የከፈተ ዕለት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ተከስተ ሐሳቡን ዱባይ አይተው ነው ያመጡት። «ዱባና አጽም ደርድረን ማን ይደነግጥልናል?» እያሉ ሲጨነቁ፣ «ጋሽዬ፣ እኛን የሚያስደነግጠን የለቅሶ ድንኳን ነው» አልኳቸው። በቃ፣ ሟቹ እኔ ሆንኩ። ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቼ፣ ሰው ሲጠጋ ብድግ ማለት ነው ሥራዬ። ድንኳኑን መንገድ ዳር ተከልን። በሩ ላይ የራሴን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ አቆምኩ፣ ከፊቱ ሻማ። ተንኮሌ መቼ አርፎ ያውቃል!

ምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ስንሸከም ስለዋልን ሁላችንም ከእውነተኛ ሙት አንሻልም ነበር። መጀመሪያ የጅብ ክፍል አለ። ጅቡ ረዳኢ ነው፣ የድሮ ዲያቆን። ጎረምሶቹ «በስመ አብ!» ብለው ሲያማትቡ እሱ ቆዳው ውስጥ ሆኖ «አሜን» ይላል። ማን ይፍራው? አንዷማ አቅፋው ሰልፊ ተነሳች።

የእኔ ድንኳን ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። መንገደኛው የእውነት ለቅሶ መሰለው! ቲኬት ቆራጯ ሀኒ አፍራ በነፃ አሳለፈችው። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አለቀሱ። አንድ ሽማግሌ «ዕድሩ የማን ነው? ወንበር እንዲህ ያንሳል?» እያሉ ይቆጣሉ። እኔ አፍንጫዬ ላይ ጥጥ፣ ፊቴ ላይ ዱቄት፣ በአቡጀዴ ተጠቅልዬ ተጋድሜአለሁ። እንዴት ብድግ ልበል? እናቶቹ ቢወድቁብኝስ?

ያኔ ድምጿን ሰማሁ።

«ዋይ ኣነ! ሽሻየይ!»

ሉሊ ናት፤ «ወይኔ፣ ሽሻዬ» ማለቷ ነው፣ ሽሻይ እኔ ነኝ። ስትደነግጥ የእናቷ ትግርኛ ይቀድማታል። ካዛንቺስ አጥር እንጋራ ነበር። ሰፈራችን ሲፈርስ እነሱ ገላን ጉራ ፎቅ ቤት ደረሳቸው። ዕቃ የሚጫን ዕለት «አለሁልሽ» ብያት ቀረሁ። ስትደውል «ትርፍ አንጀት ተቀድጄ ሆስፒታል ነኝ» አልኳት። አጥሚት ይዛ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትፈልገኝ አመሸች። ሲገባት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «ከእንግዲህ ሞትኩ ብትል እንኳ አላምንህም።» ከዚያ ስምንት ወር ስልኬን አላነሳችም።

ዛሬ ከቢሮ ወጥታ አውቶቡስ ልትይዝ ስታልፍ ፎቶዬን አየች።

እጇ የሳጥኑን ጠርዝ ሲይዝ ተሰማኝ።

«ዛሬ አነሳለታለሁ፣ ነገ አነሳለታለሁ እያልኩ...» አለች። «ደክሞኝ እኮ ነው ሽሻይ፤ ጠልቼህ አይደለም።»

ዝም ብዬ ብተኛ፣ ስምንት ወር የተመኘሁትን ሁሉ እሰማ ነበር። ክፉው ልቤ «ተኛ፣ ትጨርስ» አለኝ። ግን እንባዋ ጉንጬ ላይ ጠብ ብሎ ዱቄቱን አቦካው።

ተነሳሁ።

ድንኳኑ በጩኸት ተናጠ። ጋሽ ተከስተ ከውጭ «ይኸው ፈሩ! ሠራ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ሉሊ ብቻ አልጮኸችም። አየችኝ፤ ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። መስቀል አደባባይ ድረስ ተሰምቷል፤ ይሄን እንኳ አላጋነንኩም።

«ሞትኩ ብትል አላምንህም ብዬ ነበር» አለች። «ይኸው፣ አመንኩህ።»

ወጣች። ከነአቡጀዴዬ ተከተልኳት። የታክሲ ረዳቶች «ሙት አመለጠ!» እያሉ ያፏጫሉ።

«ሉሊዬ፣ አንድ እውነት ልንገርሽና ሂጂ።»

«አንተ? እውነት?»

«ዕቃችሁ የተጫነ ቀን ከሰፈሩ ሱቅ ጀርባ ቆሜ አይሽ ነበር። አባትሽ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው ሲጭኑት... ያንን በር ስንት ዓመት አንኳክቻለሁ። እግሬ እምቢ አለኝ። ሳለቅስ እንዳታዪኝ ዋሸሁ።»

አውቶቡሷ መጣ፣ ሄደ።

«ይሄን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አልለመድኩማ።»

ልትስቅ ነበር፤ ደክሟት ተወችው።

«ስማ፣ እንባዬን አውጥቻለሁ፤ አይመለስም። ለጊዜው ሞተሃል። በሰልስትህ ቤት ና። አንዲት ውሸት ይዘህ ከመጣህ ግን አርባህንም አወጣልሃለሁ።»

ተመልሼ ፎቶዬን አወረድኩ። ጋሽ ተከስተ «ነገስ?» ሲሉኝ፣ «ለነገ ሌላ ሙት ይፈልጉ፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ገላን ጉራ ድረስ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ሄድኩ። ደረጃውን ስጨርስ ያ የካዛንቺሱ በር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወዴትም አያስገባም። ቢሆንም እሱኑ አንኳኳሁ።

ሉሊ በሌላኛው በር ብቅ አለች። እጇ ላይ አንድ ሳህን ንፍሮ ይዛለች።

«ብላ፤ የራስህ ነው።»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቆነጠርኩ። እሷም ቆነጠረች፤ ግን የምታየው እኔን ነው።

«እንዴት ነው?»

«እንዲህ ያለ ንፍሮ ቀምሼ አላውቅም» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

ተነሳች፣ ገባች፣ ጨው ይዛ ተመለሰች።