ለማኪናው ወይስ ለመንገደኛው

«እጅሽን ከክላክሱ ላይ አንሺ፤ ፒያሳን አደነቆርሽው» አላት ሹፌሩ አያ ዋኘው። ሲላት ግን እየሳቀ ነበር።

ዙሌይካ አነሳች። ወዲያው መልሳ ተጫነችው። በጎንደሩ ፒያሳ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞር አሉ፤ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ቀይ ፊያት ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሳይታዩ መቅረትማ ምን ይረባል?

የጭነት ማኪናው ከአስመራ ተገዝቶ ከመጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። አባቷ ጀማሉዲን ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ሲነግድ የኖረ ሰው ስለሆነ እስካሁን አጠገቡ ሲደርስ እንደ በቅሎ ጎኑን መታ መታ ያደርገዋል። ዙሌይካ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀይ በበጌምድር ሁሉ እንደሌለ ለክፍል ጓደኞቿ አውጃለች። በጌምድርን ዞራ አይታው አይደለም።

«ዙሌ፣ ነይ ውረጂ፤ የሚነበብ አለ» ሲል አባቷ ከበረንዳው ጠራት።

ጀማሉዲን ዓረብኛውን አሳምሮ ያነባል፤ የአማርኛ ፊደል ግን ይፈትነዋል። ከፊቱ የተቀመጠው አቶ ዳኛው የሚባል የኢንሹራንስ ወኪል ነው፤ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ስላጠበቀው ሲናገር ድምፁ እየታነቀ የሚወጣ ይመስላል። ዙሌይካ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ የለ፣ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ያልገባትን እየጠየቀች፣ ሰውዬውን ለማድከም ያህል የገባትንም እየጠየቀች።

ነገሩ ሲቀል እንዲህ ነበር። በየዓመቱ ለኩባንያው ይከፈላል፤ አደጋ ሲመጣ ኩባንያው ይደርሳል። ግን ለማን ነው የሚደርሰው? ፊያቱ ቢገለበጥ ወይም ቢቃጠል ለፊያቱ የሚሆን አንድ ውል አለ። ፊያቱ መንገድ ላይ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ለተጎዳው ማሳከሚያ፣ ከከፋም ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሚሆን ሌላ አለ። የጀማሉዲን አቅም ሁለቱንም በሙሉ አይችልም። ለፊያቱ ሙሉውን ከያዘ ለሰው የሚተርፈው ዝቅተኛው ነው፤ እሱ የአንድ እግር ስብራት እንኳ በወጉ አያሳክምም። ለሰው ከፍተኛውን ከያዘ ደግሞ ፊያቱ ገደል ቢገባ ኩባንያው አላየሁም አልሰማሁም ይላል።

«ይሄማ ጥያቄም አይደል፤ ለፊያቱ ነዋ» አለች ዙሌይካ። «ይሄ ቀለም ከተላጠ ማን ይመልሰዋል?»

አቶ ዳኛው ሰው ቢጎዳስ ብሎ ጠየቀ። ጀማሉዲንን ይህ አላሳሰበውም። ሰው ከጎዳን ሽማግሌ ይዘን ደጁ እንሄዳለን፣ አፉ በሉን እንላለን፣ እንታረቃለን፤ አባቶቻችንም የኖሩት እንዲሁ ነው አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ቁረጪ። ፊርማው ብቻ የኔ ነው።»

ዙሌይካ በኩራት ከወንበሩ ልትነሳ ምንም አልቀራት። እስከዛሬ ቤት ውስጥ እንድትቆርጥ የሚፈቀድላት ሽንኩርት ብቻ ነበር።

ወኪሉ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ማኪናው ሲሄድ ማየት አለብኝ ስላለ፣ ለድብ ባሕር ገበያ የተጫነውን ጨው ይዘው አብረው ወጡ። አባቷ በሩን ተደግፎ፣ አቶ ዳኛው ከረባቱን ታቅፎ፣ ዙሌይካ ከአያ ዋኘው ክርን ሥር ተሸጉጣ። ከከተማ ሲወጡ ክላክሱን ለቀቀላት።

መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ክላክሱ በጮኸ ቁጥር ሰው ይተራመሳል፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ዙሌይካ በሳቅ ሞተች።

«ያገራችን ሰው ክላክስ ሲሰማ ወደ ዳር አይሸሽም» አለ አያ ዋኘው። «ወደ አህያው ነው የሚሮጥ።»

ይህ ደግሞ የባሰ አሳቃት። ኩርባው ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት በግራ፣ አህያዋ በቀኝ ሲሄዱ አየችና እጇን ጫነች።

ሴትየዋ ሮጠች። ወደ አህያዋ። በፊያቱ ፊት ለፊት።

ፍሬኑ ጮኸ፣ የጨው ጆንያው ከኋላ ጋቢናውን ደበደበው፣ ድንጋይ የፊት መከላከያውን ፍቆት ተስፈነጠረ። ከዚያ ፊያቱ ቆመ። ሴትየዋ ከጎማው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተደፍታለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ።

ዙሌይካ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ስትደርስ ሴትየዋ አቧራዋን እያራገፈች ተነስታ ነበር። ሕፃኑ እንኳ አላለቀሰም፤ በቀዩ ቀለም ላይ አፍጥጧል። ጀማሉዲን ቆቡን አውልቆ አጎንብሷል።

«አፉ በይን፣ እህቴ። ጥፋቱ የኛ ነው።»

አቶ ዳኛው ኮቱን ጎተት አደረገውና ኢንሹራንስ ከተገባ በኋላ ለኩባንያው ሳይነግሩ ጥፋቱ የኛ ነው ማለት እንደማይገባ አንሾካሾከለት። አባቷ ዞርም አላለ። «ያን ጊዜ ኩባንያህ የጎንደሬን ወግ ይልመደው» አለው።

«አፉ ብያለሁ» አለች ሴትየዋ፤ ስሟ ሽታዬ ነበር። «ምነው፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ? እኔ ነኝ እንጂ የገባሁባችሁ።»

«እኔ ነኝ የጫንኩት» አለች ዙሌይካ። «ክላክሱን።»

«ሸጋ ድምፅ አለው፣ ልጄ።»

ዙሌይካ ሕፃኑ ሌላ ማን እንዳለው ጠየቀቻት። ሽታዬ አንቀልባዋን እያጠበቀች ወደ መንገዱ ዳር በአገጯ አሳየቻት።

«እኔና ያቺ አህያ ነን።»

እስከ ድብ ባሕር ጋቢናው ውስጥ ክላክስ አልተነፋም። ዙሌይካን ያስጨነቃት ቁጣ አልነበረም፤ የተቆጣትም የለ። ያስጨነቃት ያ «አፉ ብያለሁ» እንዲህ በቶሎ መምጣቱ ነው። ጎማው አንድ ክንድ ቢጨምር ኖሮ አባቷ አፉ በለኝ የሚለው ያንን ሕፃን ነበር። እሱ ደግሞ ገና አፉን እንኳ አልፈታም። ቢታረቅስ ማን ያበላዋል?

ጨው ሲራገፍ አቶ ዳኛው ወረቀቱን በፊያቱ ኮፈን ላይ ዘረጋ። ጀማሉዲን እስክሪብቶውን ተቀበለ።

«ለፊያቱ ነው ያልሽው?»

ዙሌይካ መከላከያውን ዳሰሰችው። ድንጋዩ የፋቀው ቦታ ነጭ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር አንጀቷን በላው።

«አይ አባየ፣ ለመንገደኛው ይሁን። ከፍተኛው።»

«ፊያቱ ቢገለበጥብኝስ?»

«ወደ በቅሎዎችህ ትመለሳለህ። እሱን እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

አያ ዋኘው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጀማሉዲን ልጁን፣ የተፋቀውን ቀለም፣ ከዚያም ወደ ኩርባው የሚወስደውን መንገድ ተራ በተራ አየ። በዓረብኛ ፈረመ።

ሲመለሱ ገበያተኛውም እየተመለሰ ነበር። ኩርባው ጋ አያ ዋኘው ክርኑን ገለል አድርጎ ክላክሱን አሳያት። ዙሌይካ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና በአቶ ዳኛው ከረባት ላይ ተንጠራርታ በአባቷ መስኮት አንገቷን አወጣች።

«አህዮቻችሁን ወደ ዳር አውጡ» ብላ ተጣራች። «አትሩጡ፤ እንጠብቃለን።»

አያ ዋኘው ፍሬኑን ያዘ። ቀዩ ፊያት የመጨረሻዋ አህያ ከመንገዱ እስክትወጣ ቆሞ ጠበቀ።